መልስ፦ ዋተርሉን ሳያዩ እንዴት ሳሉት?

ወንድሜ፣ የስኮትላንድ ፈረሰኞች ናፖሊዮን በተሸነፈበት በዋተርሉ ውጊያ ሲጋልቡ የሚያሳየውን «ስኮትላንድ ለዘላለም» የተባለ ሥዕል የሳለው ሰው እዚያ ውጊያ ላይ ነበር ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አልነበረችም። ሠዓሊዋ ሴት ናት። ስሟ ኤልሳቤጥ ቶምሰን ነው፤ ካገባች በኋላ ሌዲ በትለር ተባለች። ውጊያው የተካሄደው በ1815 እ.ኤ.አ. ነው፤ እሷ የተወለደችው በ1846፣ ሥዕሉ የተሳለው ደግሞ በ1881።

ታዲያ እንዴት ሳለችው? ልምምድ ላይ ያሉ ፈረሰኞች ሲጋልቡ ፊት ለፊታቸው ቆማ አየቻቸው፤ ያውም ሁለት ጊዜ! ሥዕሉን ቀረብ ብለህ እየው። ግራጫዎቹ ፈረሶች በቀጥታ ወደ አንተ ነው የሚመጡት። አፍንጫቸው ተነፍቷል፣ ኮቴያቸው መሬት አይነካም። ጠላት የሚባል የለም፤ ጠላቱ አንተ የቆምክበት ቦታ ላይ ነው። እኔን ሁሌም የሚያስደነግጠኝ ይሄ ነው።

ግን ዋተርሉ ላይ የሆነው እውነት ከሥዕሉ ትንሽ ይለያል። ሌሊቱን ዝናብ ስለጣለ መሬቱ ጭቃ ነበር። ፈረሰኞቹም የራሳቸውን እግረኛ ጦር መሀል ለመሀል ሰንጥቀው ማለፍ ነበረባቸው። እንዲህ እንደ ነፋስ አልጋለቡም።

ለዝርዝር ግድ የላትም እንዳትል ብቻ። ከዋተርሉ ሁለት ቀን በፊት የተደረገውን የካትር ብራ ውጊያ በ1875 ስትስል፣ 300 ያህል ወታደሮች በአራት ማዕዘን ተሰልፈው ተኩስ አሳይተዋታል። ሰብል በጦር ሲረገጥ ምን እንደሚመስል ለማየትም ከቆመ ማሳ ላይ ቆርጣ ገዝታ፣ ከልጆች ጋር ሆና ረጋግጣዋለች። እንግሊዝ ከሄድክ «ስኮትላንድ ለዘላለም» ሊድስ ከተማ የሥዕል ቤተ መዘክር ውስጥ ነው።