መልስ፦ ሰዎች እውነቱን ካልተናገሩ ተመራማሪ ምን ሊያውቅ ይችላል?

ውድ ጠያቂ፣ እህትዎ ለዶክትሬት ጥናቷ በዴሞክራሲያዊ አገሮች የመራጮችን ጠባይ እንደምታጠና ገልጸው፣ ሰዎች ለመጠይቅ እውነቱን ካልመለሱ ጥናቱ ምን እንደሚረባ ጠይቀዋል። ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ በአሜሪካ ሳይመርጡ «መርጫለሁ» የሚሉ ጥቂት አለመሆናቸው ከምርጫ መዝገብ ጋር ተመሳክሮ ታይቷል። በከፊል ከዚህም የተነሳ ቃልን ሳይሆን ድርጊትን የሚለካው የመስክ ሙከራ በዘርፉ ተስፋፍቷል። የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎቹ አለን ገርበር፣ ዶናልድ ግሪንና ክሪስቶፈር ላሪመር በአሜሪካዋ ሚሺጋን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2006 በተካሄደው የፓርቲ ዕጩዎች ቅድመ ምርጫ ዋዜማ ቤተሰቦችን በዕጣ ከፋፍለው ልዩ ልዩ ደብዳቤ ላኩ፤ የራሳቸውና የጎረቤቶቻቸው ያለፈ ተሳትፎ ተዘርዝሮ ከደረሳቸው መካከል 37.8 በመቶው ሲመርጡ፣ ምንም ካልተላከላቸው የመረጡት 29.7 በመቶው ብቻ ነበሩ። ድምፁ ለማን እንደተሰጠ ምስጢር ነው፤ መምረጥ አለመምረጡ ግን በመዝገብ ይገኛል። ዕጣው ቡድኖቹን ስለሚያመሳስል፣ ልዩነቱ ከደብዳቤው የመጣ መሆኑን በልበ ሙሉነት መናገር ይቻላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሰውን በጎረቤቱ ፊት ማሳፈር ይገባል ወይ የሚለው ነው፤ እህትዎ ተመሳሳይ ሙከራ ካሰበች፣ ስለ ስሌቱ ከመጨነቋ በፊት በዚህ ጉዳይ ከአማካሪዋ ጋር እንድትመክርበት አጥብቄ አሳስባለሁ።