ሽምብራን በባክቴሪያ አሽቶ መዝራት ያዋጣል ወይ? (መልስ)

ወንድሜ፣ ደንቢያ ላይ ሽምብራ ልዘራ ነው፣ ህያው ማዳበሪያ ልግዛ ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው ብለሃል። ግዛ እላለሁ። ፓኬቱ ውስጥ ያለው ራይዞቢየም የሚባል ባክቴሪያ ነው። ሥሩ ላይ እባጭ ሠርቶ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰደ ተክሉን ይመግባል፣ ተክሉ ደግሞ በምላሹ ስኳር ይሰጠዋል። ዩሪያ ይቀንስልሃል፣ ፎስፈረስን ግን አይተካም።

ፓኬቱ ላይ የሽምብራ መሆኑን አንብብ። የባቄላው ለሽምብራ አይሠራም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጊዜው ያለፈበትንም እንዳትወስድ።

ዘሩን ሳፋ ላይ አድርገህ ትንሽ የስኳር ውሃ ረጨት ረጨት ታደርግበታለህ፣ ወዛ እንዲል ብቻ ነው እንጂ በውሃ እንዲርስ አይደለም፣ ከዚያ ዱቄቱን ነስንሰህ እያንዳንዱ ፍሬ እስኪለብስ ቀስ ብለህ ታሸዋለህ። ታዲያ ጥላ ሥር! ፀሐይ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። እኔ አንድ ዓመት አሽቼ ማሳው ዳር ፀሐይ ላይ ትቼው ሄድኩ፣ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ቀረ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። በዚያው ቀን ዝራ፣ ወዲያው አፈር አልብሰው። ከዩሪያም ጋር አትቀላቅለው።

ማበብ ሲጀምር አንድ ሁለት እግር ቆፍረህ አውጣ። እንዳትነቅለው፣ እባጩ ይበጠሳል። ሰንጥቀህ ስታየው ውስጡ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ነው፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ናይትሮጅን እየሰጠህ አይደለም።

ለጤፍስ ላልከው፣ ይሄኛው ለጥራጥሬ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ግን እዚያው ማሳ ላይ ጤፍ ዝራበት፣ ሽምብራው የተወለት ይጠቅመዋል።