መጽሐፉ ሲገለጥ የሚታወቅ፣ ሲዘጋ የሚጠፋ

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ባዮሎጂን ሦስት ጊዜ አንብቤ ጨርሻለሁ፤ ዋና ዋናውንም በቀለም አስምሬበታለሁ። ሳነበው ሁሉም ይገባኛል፤ ሞዴል ፈተና ላይ ስቀመጥ ግን ይጠፋብኛል። ለብሔራዊ ፈተናው ስድስት ሳምንት ቀርቷል። አራተኛ ጊዜ ልድገመው?

መልስ፦ አትድገመው። አራተኛው ንባብ ከሦስተኛውም ይቀልልሃል፤ የሚያታልልህም ይኸው መቅለሉ ነው። ገጹን ዓይንህ ስለለመደው ያወቅከው ይመስልሃል። «ፈተናው ምርጫ ስለሆነ መልሱን ሳየው መለየት ይበቃኛል» አትበል። የተሳሳቱት ምርጫዎችም የሚወሰዱት ከዚያው መጽሐፍ ስለሆነ አራቱም የምታውቃቸው ይመስላሉ።

ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ይህን ፈትነውታል። አንዳንድ ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ደግመው አነበቡ፤ ሌሎቹ ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት 81 በመቶውን፣ የጻፉት 75 በመቶውን አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፦ ያነበቡት 42፣ የጻፉት 56። በዋዜማው የሚሸመድድ ሰው በዘዴው የሚተማመነው ለዚህ ነው፤ ለጊዜው ይሠራለታል፣ ለስድስት ሳምንት አይሠራም።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። ከሦስት እስከ አምስት ገጽ የሆነ አንድ ንዑስ ርዕስ ምረጥና 20 ደቂቃ ያህል አንብብ። መጽሐፉን ዝጋ። በባዶ ወረቀት ላይ የያዝከውን ሁሉ በራስህ አነጋገር ጻፍ። ለምሳሌ ፎቶሲንተሲስ ከሆነ፦ ውሃ የሚሰነጠቀው የት ነው? ኦክስጅኑ ከምን ወጣ? ታይላኮይድ ላይ የተሠራው ኤቲፒ ስትሮማ ውስጥ ለምን ይውላል? ሥዕሉንም ሳታይ ሣል። ስትጣበቅ ቶሎ አትግለጥ፤ ብዙ ተማሪ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ታገል። ከዚያ ከፍተህ የጎደለውን ብቻ በቀይ እስክሪብቶ ሙላ።

በማግስቱ ከመጽሐፉ በፊት ባዶ ወረቀቱን አስቀድም። ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በሁለት ሳምንቱ ድገመው። በየዙሩ ቀዩ ካልቀነሰ ችግርህ መርሳት ሳይሆን መጀመሪያውኑ አለመረዳት ነውና መምህር ወይም ጓደኛ ጠይቅ። ሥራው ከንባብ ይልቅ አድካሚ ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ተስፋ ያስቆርጣል። በዚያ አትደንግጥ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሌሊቱን በቡና ሲያጠና ያድራል፣ ቀን ይተኛል። ልከልክለው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እናቴ፣ ድካሙን ያመስግኑለት፣ ሰዓቱን ግን ያስቀይሩት። አእምሮ ቀን የያዘውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። በተጨማሪም ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲሰጥ ቆይቷልና ልጅዎ ከሌሎች ጋር ሊያድር ይችላል፤ ቀን የመተኛት ልማዱን ይዞ ከሄደ ፈተናው ላይ ያንጎላጃል። ከመሄዱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው የመኝታ ሰዓቱን በየሁለት ቀኑ በግማሽ ሰዓት ቀደም ያድርጉለት፤ ቡናውም ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ይቅር።

ጥያቄ፦ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ሠርቼ ጨረስኩ፤ መልሶቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ። ውጤቴ ግን አልተለወጠም። ለምን?

መልስ፦ ያወቅሽው ፊደሉን ይሆናል። «ጥያቄ 14 ሐ» ማለት የትም አያደርስም። ጥያቄውን አንሺና ሌሎቹ ሦስቱ ለምን እንደተሳሳቱ ተናገሪ፤ ካልቻልሽ አልሠራሽውም። የሳትሻቸውንም በአንድ ደብተር መዝግቢ፤ በእያንዳንዱ አጠገብ «አላውቀውም ነበር»፣ «ረሳሁት» ወይም «ቸኮልኩ» ብለሽ ጻፊ። ሦስቱ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው፦ የመጀመሪያው ወደ መጽሐፉ፣ ሁለተኛው ወደ ባዶ ወረቀቱ፣ ሦስተኛው ወደ ሰዓት ይመልስሻል። ቢያንስ ሁለት ያልሠራሻቸው ፈተናዎች ፈልጊና በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሰዓት ይዘሽ፣ ስልክሽን ሌላ ክፍል አስቀምጠሽ ሥሪያቸው። ሒሳብና ፊዚክስን ያለ ካልኩሌተር ተለማመጂ፤ ማካፈሉና ካሬ ሥሩ የሚፈጀው ደቂቃ ፈተና ላይ ሲደርስ ነው የሚታወቀው።