«አይሠራም» ስንል ምን እያልን ነው?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከመሀል ሜዳ ነው። ከጓደኞቼ ጋር የመንዝ በጎችን የዘር መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እየሠራን ነው። እናቶቹንና ግልገሎቻቸውን ከዳታቤዝ (ከመረጃ ማከማቻው) ጋር የምናገናኘው ኤስኪውኤል አልኬሚ በሚባለው ላይብረሪ፣ ማለትም ለፓይተን በተዘጋጀ የኮድ ስብስብ ነው። ግማሾቻችን ደብረ ብርሃን ስለሆንን ችግር ሲገጥመን በአማርኛ እንጻጻፋለን። ታዲያ አንዱ ‹ኮሚቱ አይሠራም› ይላል፤ ኮሚት ወደ ዳታቤዙ የላክነውን የሚያጸናው ትእዛዝ ነው። ሌላው ‹እኔ ጋ ይሠራል› ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ግማሽ ቀን ጭቅጭቅ ነው። ‹አይሠራም›፣ ‹አልሠራም› እና ‹አልሠራም አለ› ልዩነት አላቸው? ወይስ በእንግሊዝኛ ብንጻጻፍ ይሻለናል? ደግሞስ ለውጦቻችን ተጠራቅመው ወደ ዳታቤዙ የሚሄዱበት ሴሽን ‹እሱ› ነው ‹እሷ›?»

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት ሰነበታችሁ? በአማርኛ ቀጥሉ። ብልሽትን ለመንገር የአማርኛ ግስ ሀብታም ነው። ጭቅጭቁን ያመጣው የግሱ መልክ ሳይመረጥ መጻፉ ነው።

«አይሠራም» ልማድን ይናገራል። ዛሬም ነገም፣ ማንም ቢሞክረው፣ አይሠራም ማለት ነው። ስለዚህ «ኮሚቱ አይሠራም» ያለው ጓደኛችሁ ሳያስበው በጣም ሰፊ ክስ አቅርቧል። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው መልስም ተገቢ ነው፤ ሰፊ ክስን ለማፍረስ አንድ ማስረጃ ይበቃል። ሁለቱም ያዩትን ተናገሩ፣ ግን አልተግባቡም። ነገሩ የደረሰው አንድ ጊዜ ከሆነ «አልሠራም» ይባል፤ ጊዜውና ሁኔታውም ይጨመር፦ «ትናንት ማታ የግልገሎቹን ክብደት ሳስገባ ኮሚቱ አልሠራም»።

«አልሠራም» ግን በጽሑፍ ላይ ጣጣ አለው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ራ»ን አጥብቃችሁ ብታነቡት «እሱ አልሠራም» ነው፣ ያለፈ ነገር። አላልታችሁ ብታነቡት «እኔ አልሠራም» ነው፣ ገና የሚመጣ ነገር። በአፍ ሲሆን ጆሮ ይለየዋል። በስልክ «አልሠራም» የምትል ነጠላ መልእክት ስትደርሳችሁ ግን ሰውዬው ሥራ እምቢ ማለቱ ይሁን ፕሮግራሙ መቆሙ በምን ይታወቃል? ባለቤቱን ጻፉት።

«አልሠራም አለ» የሚለው የላላውን ይወስዳል። ማሽኑ በራሱ አፍ እምቢ እንዳለ አድርገን ነው የምንናገረው። በጥቅምት ብርድ ደብረ ብርሃን ላይ መኪና በጠዋት «አልነሳም አለ» እንላለን። «አልተነሳም» አንድ ሙከራ ሊሆን ይችላል፤ «አልነሳም አለ» ግን ደጋግመን ሞክረን እንደከሸፈብን ይናገራል። ስለዚህ «ኮሚት አልልም አለ» ብላችሁ ከጻፋችሁ የሞከራችሁትንም አብራችሁ ንገሩ። አንባቢው ከግሱ የሚጠብቀው እሱን ነው።

ይበልጥ ልታስቡበት የሚገባው ግን «ገባ»፣ «ገብቷል» እና «ገብቶ ነበር» የሚሉት ናቸው። የእናንተ ላይብረሪ የሚሠራውን ነገር እነዚህ ሦስቱ ጥሩ አድርገው ይለዩታል። አንድ ግልገል ወደ ሴሽኑ ስትጨምሩ ገና ዳታቤዙ ጋ አልደረሰም። ፍላሽ (የተጠራቀመውን መላክ) ሲደረግ ወደ ዳታቤዙ ይላካል፣ ግን ገና ባልጸናው የሥራ ጥቅል፣ በትራንዛክሽኑ ውስጥ ነው። የሚጸናው ኮሚት ሲደረግ ነው። ሮልባክ፣ ማለትም ያልጸናውን የመሻር ትእዛዝ፣ ከመጣ ሁሉም እንዳልነበረ ይሆናል። አሳሳቹ ቦታ መሀል ላይ ነው። ከፍላሽ በኋላ ግልገሉ መለያ ቁጥር ያገኛል። ቁጥሩን ያየ ሰው ደስ ብሎት «ገብቷል» ብሎ ይጽፋል። ደብረ ብርሃን ያለው ጓደኛው በሌላ ግንኙነት ሲፈልገው ያጣዋል።

«ገብቷል» ውጤቱ አሁንም አለ ይላል። ይህን ኮሚቱ ካለቀ በኋላ ብቻ ጻፉት። «ገባ» ድርጊቱን እንጂ የዛሬውን ሁኔታ አይመሰክርም። «ገብቶ ነበር» ደግሞ ገባ፣ አሁን ግን የለም የሚል ፍንጭ ይሰጣል። «ቁጥር አግኝቶ ነበር፣ በኋላ ስፈልገው የለም» የሚል መልእክት የደረሰው ባለሙያ ወዲያው ሮልባክ መኖሩን ወይም ኮሚት መረሳቱን ይጠረጥራል። አሉታው ላይ ግን ተጠንቀቁ። የ«ገባ»ም የ«ገብቷል»ም አሉታ ያው «አልገባም» ነው፤ ልዩነቱ ይጠፋል። ስለዚህ እየጠበቃችሁ ከሆነ «ገና አልገባም»፣ ነገሩ ካበቃ «ሳይገባ ቀረ» በሉ።

ቀጥሎ «ተሰረዘ»። ተገብሮ ግስ አድራጊውን ይደብቃል። «ግልገሎቹ ተሰረዙብኝ» ሲባል ማዘናችሁ ገብቶናል፣ «‑ብኝ» ነግሮናል። ማን ሰረዛቸው? እናንተ ባዘጋጃችሁት የእናትና ልጅ ዝምድና ላይ መሰረዝን ከእናት ወደ ልጅ የሚያወርድ ካስኬድ የሚባል ደንብ ካለ፣ እናቲቱ ስትሰረዝ ልጆቿም ይሰረዛሉ። ከሌለ ላይብረሪው በልማዱ ልጆቹን አይሰርዝም፤ የእናታቸውን መለያ ባዶ ያደርገዋል። ወላጅ ያጣን መዝገብ ሰርዝ የሚለው አማራጭ ከተጨመረ ደግሞ፣ ግልገሉን ከእናቱ ዝርዝር ማውጣት ብቻውን ያሰርዘዋል። በስህተት የተመዘገበ ግልገል እናቱን ለማስተካከል ብላችሁ አውጥታችሁት ይሆናል። «ተሰረዘ» ከሚለው ይልቅ «ከእናቱ ዝርዝር ሳወጣው ካስኬዱ ሰረዘው» የሚለው ምን ያህል መንገድ እንደሚያሳጥር እዩት። አድራጊውን ካላወቃችሁት ከመሰረዙ በፊት የነካችሁትን ነገር ጻፉ።

«አስ‑» የምትለው ቅጥያም እንዲሁ ትጠቅማችኋለች። ኤስኪውኤል አልኬሚ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ከመላኩ በፊት የተጠራቀመውን ራሱ ፍላሽ ያደርጋል፤ ኦቶፍላሽ ይሉታል። ስለዚህ ከላይ ያስገባችሁት በግ የጆሮ ቁጥሩ የተደገመ ከሆነ፣ ኤረሩ የሚወጣው ምንም ጥፋት በሌለበት የፍለጋ መስመር ላይ ሊሆን ይችላል። «ኩዌሪው ኤረር አመጣ» ብትሉ ሁሉም ኩዌሪውን ሲመረምር ይውላል። «ኩዌሪው ፍላሽ አስደረገ፣ ፍላሹ ኤረር አመጣ» ስትሉ ግን ምክንያቱና ቦታው ይለያያሉ። የኤረሩ መልእክት ራሱ በኦቶፍላሽ የመጣ መሆኑን ይናገራል፤ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

«ይሠራ ነበር» ያለፈ ልማድ ነው። ይህን ስትጽፉ የቀድሞውንና የአሁኑን ቨርዥን ካልጠቀሳችሁ ዓረፍተ ነገሩ ጎዶሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኤስኪውኤል አልኬሚ ቨርዥን 2.0 የድሮውን በራሱ ኮሚት የማድረግ ባሕርይ አስወግዷል። ያለ ኮሚት የተላከ መረጃ፣ ግንኙነቱ ሲዘጋ ይሻራል። «ድሮ ይሠራ ነበር» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ስለ መዘግየትም ልጨምር። «ይዘገያል» እና «እየዘገየ መጣ» አንድ አይደሉም። ሁለተኛው መዝገቡ በበዛ ቁጥር ባሰ ይላል። 200 እናቶችን አምጥታችሁ የእያንዳንዷን ልጆች በየተራ ስትጠይቁ በጠቅላላው 201 ኩዌሪ ይሄዳል። በጎቹ ሲበዙ ኩዌሪውም ይበዛል። ልጆቹን አስቀድሞ በአንድ ላይ የሚያመጣ አጫጫን ብትመርጡ ወደ ሁለት ይወርዳል። ላይብረሪው ለዳታቤዙ የሚልከውን የኤስኪውኤል ትእዛዝ በሙሉ እንዲያሳያችሁ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ያን አይታችሁ «እየዘገየ መጣ» ብትሉ ከቁጥሩ ጋር ነው።

ሴሽንን በተመለከተ፣ ባዕድ ቃል አማርኛ ውስጥ ሲገባ ግዑዝ ነገር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ተባዕት ይሆናል። «ሴሽኑ ተዘጋ» በሉ። ሲያሳንሱ ወይም ሲያቆላምጡ «ሴሽኗ» ማለትም ያለ ነው፣ ስህተት አይባልም። ብቻ በአንድ መልእክት ውስጥ «ሴሽኑ» ብላችሁ ጀምራችሁ «ዘጋኋት» አትበሉ። የመንዝ እናት በግም እዚያው መልእክት ላይ ስላለች የተዘጋችው በጓ ትመስላለች።