«ጽዮናዊ» ስድብ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ለማኅበራችን ጋዜጣ ከእንግሊዝኛ ዜና እተረጉማለሁ። በቀደም አይሁዶችን ስለ መጥላት የሚያወራ ዜና ደረሰኝና ገና ከርዕሱ ሳልወጣ ቆምኩ። «ፀረ ሴማዊነት» ብዬ ጻፍኩና መልሼ አጠፋሁት። አማርኛ ሴማዊ ቋንቋ ነው ተብለን ነው የተማርነው። ታዲያ እኛንም ይጨምራል ማለት ነው? ሁለተኛው ጣጣ «ጽዮናዊ» ነው። እናቴ በየዓመቱ ኅዳር 21 ጽዮን ማርያምን ትዘክራለች። ቴሌቪዥን ላይ ሰልፍ ሲታይ፣ ሰልፈኞቹ ጽዮናውያንን እያወገዙ እንደሆነ ነገርኳት። «ደሞ ጽዮን ምን አደረገቻቸው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ለመሆኑ ፀረ ጽዮናዊና ፀረ ሴማዊ አንድ ናቸው? በየትኛው «ጸ» እንደሚጻፉም ቢነግሩኝ።

መልስ፦ የእናትዎ ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል፤ እደርስበታለሁ። ከ«ሴማዊ» ልጀምር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«ሴማዊ» የሚለውን ስያሜ ለቋንቋዎች ያወጣው ሽሎዘር የሚባል ጀርመናዊ የታሪክ ሊቅ ነው፤ በ1781። ከኖኅ ልጅ ከሴም ወሰደው። ዕብራይስጥ፣ ዐረብኛ፣ አራማይክና ግዕዝ በዚህ ስም ይጠራሉ፤ አማርኛም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። ስሙ የቋንቋ ነው፣ የደም አይደለም። መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ግን ዊልሄልም ማር የሚባል ጀርመናዊ ጋዜጠኛ ቃሉን ለሌላ ሥራ ፈለገው። በ1879 «የፀረ ሴማውያን ማኅበር» አቋቋመ። አይሁድን መጥላት ያን ጊዜም አዲስ አልነበረም። የድሮው ጥላቻ ግን በሃይማኖት ስም ነበር። አይሁዳዊው ከተጠመቀ ነገሩ ቢያንስ በወረቀት ያልቃል። ማርና ጓደኞቹ የማያልቅ ነገር ፈለጉ፤ ዘር አደረጉት። ለዚያ ደግሞ ሳይንስ ሳይንስ የሚሸት ስም ያስፈልጋል። «ሴማዊ» ተገኘ። በርሊን ውስጥ ዐረብኛ ተናጋሪን ለመጥላት ማኅበር የገባ ሰው አልነበረም። አማርኛ ተናጋሪንማ ማን አስታውሶት።

ስለዚህ እኛን አይጨምርም። ቃሉ ሲወለድም ዛሬም አይሁድን ብቻ ነው የሚመለከተው። «ዐረብ ራሱ ሴማዊ ነው፤ እንዴት ፀረ ሴማዊ ይባላል?» የሚል ክርክር ቡና ላይ ስንቴ ሰምቻለሁ። ብልህ ይመስላል። ግን የጥምር ቃል ፍቺ የክፍሎቹ ድምር አይደለም። «ዓይነ ደረቅ» ስንል ዓይኑ እንባ ያጠረው በሽተኛ ማለታችን ነው? «ሆድ አደር»ስ የት ነው የሚያድረው? እንግሊዝኛ ጸሐፊዎችም ይኸው ግራ መጋባት ስላስቸገራቸው ብዙዎቹ «አንቲ-ሴሚቲዝም» በሚለው ቃላቸው መካከል የነበረችውን ሰረዝ ጥለዋል። አሶሺየትድ ፕሬስ በ2021 ጣላት። ሰረዟ ካለች «ሴማዊነት» የሚባል ነገር ኖሮ አንድ ሰው የሚቃወመው ይመስላላ።

እኛ ምን እንበል? «የአይሁድ ጥላቻ» አይበሉ። «የእናት ፍቅር» እናት የምትወደው ነው ወይስ እናትን መውደድ? አማርኛችን ሁለቱንም ይፈቅዳል። «የአይሁድ ጥላቻ»ም እንዲሁ፣ አይሁድ ሌላውን ጠሉ ተብሎ ሊነበብ ይችላል። «ፀረ አይሁድ ጥላቻ» ደግሞ የባሰ ነው። ጥላቻውን የሚቃወም ሰው ይመስላል። አሁን አሁን ወጣቱ «አይሁድ ጠል» ይላል። ይገባል፤ ይሄዳልም። እኔ ግን «ጠል» ስሰማ ቀድሞ የሚመጣብኝ በጌዴዎን ጸምር ላይ የወረደው ነው። ሽማግሌ ስለሆንኩ ይሆናል። ምርጫዬ ለርዕስ «ፀረ አይሁድነት»፣ ለሐተታው ውስጥ ደግሞ «አይሁዶችን መጥላት» ነው። የሕግ ወይም የተቋም ስም ሲሆን ብቻ «ፀረ ሴማዊነት»ን እንዳለ ይተዉት።

እግረ መንገዴን ስለ «አይሁድ» ራሱ አንድ ነገር ልበል። በልጅነቴ በሰፈራችን አንድ ባለሱቅ ነበር፤ ዱቤ የማይሰጥ። ጎረቤታችን ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ «አይ ይሄ አይሁድ!» ይሉ ነበር። ባለሱቁ የሰንበቴ ማኅበርተኛ ነው። እሳቸውም በዕድሜያቸው አይሁዳዊ አይተው አያውቁም። ቃሉ ከስቅለት ንባብ ወጥቶ ጨካኝ፣ ርኅራኄ የለሽ ማለት ሆኗል። «ይሁዳ»ም እንደዚያው ነው። ጓደኛውን የሸጠ ሁሉ ይሁዳ ይባላል። በዚያው አፋችን «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» እያልን ነገሥታቱን ስናከብር ኖረናል። ስሙ አንድ ነው! ጎንደር ውስጥ ቤተ እስራኤል የሆኑት ጎረቤቶቻችን ደግሞ «ፈላሻ» ሲባሉ፣ ሲብስም «ቡዳ» ሲባሉ ነው የኖሩት። ሸማኔው፣ ብረት ሠሪው፣ ሸክላ ሠሪዋ። ስለዚህ «አይሁድ» የሚለው ቃል ርዕስ ላይ ብቻውን ሲቆም ይህን ሁሉ ጠረን ይዞ ነው የሚቆመው። «አይሁዳውያን» ይሻላል። «እስራኤላዊ» ግን ሌላ ነው፤ የዜግነት ስም ነው። ከእስራኤል ዜጎች አምስት እጁ አንዱ ያህል ዐረብ ነው። ከዓለም አይሁዳውያን ደግሞ ከግማሽ የሚበልጡት እስራኤል ውስጥ አይኖሩም።

አሁን ወደ እናትዎ። ጽዮን ምንም አላደረገችም። በኢየሩሳሌም ያለ ኮረብታ ናት፤ ኋላ የከተማይቱ፣ በእኛ ዘንድ ደግሞ የታቦቷና የእመቤታችን ስም ሆነች። በሰዋስው ደንብ «ጽዮናዊ» ማለት «የጽዮን የሆነ» ነው፤ እንደ «ኢትዮጵያዊ»። እናትዎ በዚህ ሒሳብ ከማንም በላይ ጽዮናዊት ናቸው። ፖለቲካው የገባው ከውጭ ነው። በ1890 ናታን ቢርንባውም የሚባል የቪየና አይሁዳዊ አይሁዶች በአባቶቻቸው አገር ይስፈሩ ለሚለው ንቅናቄ ስም አወጣለት። በ1897 ቴዎዶር ሄርዝል ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል ላይ የንቅናቄውን ጉባኤ ጠራ። «ጽዮናዊነት» የዚያ ንቅናቄ ስም ነው።

ናፍቆቱ ግን ከስሙ ይቀድማል። በ1862 አባ መሐሪ የተባሉ የቤተ እስራኤል መነኩሴ ሕዝቡን አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ። ብዙው ትግራይ ላይ በረሃብና በበሽታ አለቀ። ሄርዝል ያኔ የ2 ዓመት ልጅ ነበር። በቤተ እስራኤል መንደሮች ልጆች ሽመላ በሰማይ ሲያልፍ ኢየሩሳሌም ደህና መሆኗን ይጠይቁት እንደነበር አሁንም የሚያስታውሱ አሉ።

ታዲያ ይህን ንቅናቄ መቃወም አይሁድን መጥላት ነው? በራሱ አይደለም። ቡንድ የሚባለው የአይሁድ ሠራተኞች ፓርቲ የተቋቋመው በዚያው በ1897 ነው፤ ጽዮናዊነትንም አጥብቆ ይቃወም ነበር። በ1917 እንግሊዝ ለአይሁድ በፍልስጤም ብሔራዊ ቤት እንዲኖር እደግፋለሁ ያለችበት የባልፎር መግለጫ ሲወጣ በእንግሊዝ ካቢኔ ውስጥ የነበረው ብቸኛ አይሁዳዊ፣ ኤድዊን ሞንታጉ፣ ዋና ተቃዋሚው እሱ ነበር። ለፍልስጤማዊ ደግሞ ቃሉ እስራኤል የተመሠረተችበትን 1948ን ነው የሚያስታውሰው። ያን ጊዜ ከ700,000 በላይ ሰው ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። እሱን «ጽዮናዊነትን ለምን ጠላህ?» ማለት ቤቱ የተወሰደበትን ሰው ለምን ተቆጣህ ማለት ነው።

ነገር ግን ይኸው ቃል ሌላም ሥራ ተሰጥቶታል። በ1952 ፕራግ ላይ የቼኮስሎቫኪያ ኮሙኒስት ፓርቲ የቀድሞ ዋና ጸሐፊ ስላንስኪና 13 ሰዎች ፍርድ ቤት ቀረቡ። ክሱ «ትሮትስካዊ፣ ቲቶአዊ፣ ጽዮናዊ» እያለ ይቀጥላል። በደርግ ጊዜ ራዲዮ የሰማ ሰው ዜማውን ያውቀዋል። ከ14ቱ 11ዱ ከአይሁድ የተወለዱ ነበሩ። ስላንስኪ ዕድሜውን ሙሉ ኮሙኒስት እንጂ ጽዮናዊ ሆኖ አያውቅም። 11 ሰው ተሰቀለ። በ1968 ፖላንድ ውስጥ «ጽዮናውያን ይውጡ» ተባለ። 13,000 ያህል አይሁዳውያን አገር ጥለው ወጡ። ብዙዎቹ ከፖላንድኛ በቀር አፍ ያልፈቱ፣ ፓርቲውን ያገለገሉ ሰዎች ነበሩ። የእኛም ቤት አለበት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ውስጥ ቤተ እስራኤል የሆኑ ሰዎች «የጽዮናውያን ሰላይ» ተብለው ታስረዋል።

ይህ የግራው ወገን ብቻ ልማድ እንዳይመስልዎት። የአሜሪካ ናዚ አምላኪዎች የዋሽንግተኑን መንግሥት «ጽዮናውያን የያዙት መንግሥት» ይሉታል። እስራኤል ስለያዘችው የፍልስጤማውያን ምድር፣ ስለ ዌስት ባንክ፣ ግድ የላቸውም። አይሁድ አሜሪካን ይገዛል ማለታቸው ነው። የዚህ ወሬ አያት በ1903 ሩሲያ ውስጥ በጋዜጣ የወጣው «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» የሚባለው የሐሰት ሰነድ ነው። ከሌላ ጽሑፍ የተገለበጠ መሆኑ በ1921 ተጋለጠ፤ እስከ ዛሬ ግን ይሸጣል። የአማርኛው ትርጉም ደግሞ አስቂኝ ሆነ። «የጽዮን ሽማግሌዎች» ሲባል እኔ የሚታየኝ ጋቢ ደርበው ባልና ሚስት ሊያስታርቁ የተቀመጡ አባቶች ናቸው።

እንግዲህ አንዱን ጽዮናዊ ከሌላው እንዴት እንለይ? እኛ ቋንቋ ላይ የምንውል ሰዎች አንድ ተራ ዘዴ አለን፤ መተካት። «ጽዮናውያን» በሚለው ቦታ አንዴ «የእስራኤል መንግሥት»ን፣ አንዴ «አይሁድ»ን ያስገቡ። «ጽዮናውያን ዌስት ባንክ ላይ ሰፈራ ያስፋፋሉ።» የእስራኤል መንግሥት ሲገባ ዓረፍተ ነገሩ ልክ ይቀመጣል። ይህ ፖለቲካ ነው፤ ይደግፉት ይንቀፉት። «ጽዮናውያን ባንኩንም ሚዲያውንም ይዘውታል።» የእስራኤል መንግሥትን ያስገቡ፤ አይገባም። የየትኛው አገር ባንክ? አይሁድን ያስገቡ፤ ሰተት ይላል። የ1903ቱ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ልብሱን ቀይሯል እንጂ።

ቃሉ የዋለበት ቦታም ቃል ነው። «ጽዮናዊነት ይውደም» የሚል ወረቀት ኤምባሲ ፊት ሲያዝ አንድ ነው። ምኩራብ በር ላይ በቀለም ሲረጭ ግን ሌላ ነው። ሊጸልዩ የመጡትን አሮጊት ማንም ስለ ሰፈራ አላማከራቸውም። እርስዎ ካሉበት ብዙ ሳይርቅ፣ ዋሽንግተን፣ በሜይ 2025 ሁለት የእስራኤል ኤምባሲ ሠራተኞች ከአይሁድ ሙዚየም ዝግጅት ሲወጡ በጥይት ተገደሉ። ተጠርጣሪው ሲያዝ «ፍልስጤም ነፃ ትውጣ» ይል ነበር። በ2018 ፒትስበርግ ምኩራብ ውስጥ 11 ሰው የገደለው ደግሞ ፍልስጤም ትዝ ብላውም አታውቅ። ቂሙ ስደተኞችን በሚረዳው የአይሁድ ድርጅት፣ በሂያስ ላይ ነበር። ዋና ቢሮው ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው፣ እናንተው ሠፈር።

የመተካቱ ዘዴ የማይፈታውም አለ። «እስራኤል የምትባል አገር መኖር የለባትም» የሚለው ላይ ሲደርስ ዘዴው ይቆማል። ምሁራንም የሚጣሉት እዚሁ ነው። በ2016 ዓለም አቀፉ የሆሎኮስት መታሰቢያ ኅብረት ያጸደቀው የፀረ ሴማዊነት ትርጉም 11 ምሳሌዎች አሉት፤ 7ቱ እስራኤልን ያነሳሉ። ይህ ለትችት ቦታ አይሰጥም ያሉ ምሁራን በ2021 የኢየሩሳሌም መግለጫ የሚባል ሌላ አወጡ። የመጀመሪያውን በማርቀቅ ቀዳሚ የነበረው ኬኔት ስተርን እንኳ ጽሑፉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪን አፍ መዝጊያ መሆኑን ተቃውሟል። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። የጋዛን እልቂት ያወገዘን ሁሉ ፀረ አይሁድ ካልነው ቃሉ እንደ «ፀረ ሕዝብ» ይረክሳል። በደርግ ጊዜ «ፀረ ሕዝብ» ያልተባለ ማን ነበር?

ለተርጓሚ ግን መንገዱ አጭር ነው። ተናጋሪው «ጽዮናዊ» ካለ «ጽዮናዊ» ብለው ይጻፉ፤ «አይሁድ» ካለ «አይሁድ»። ማለስለስም ማክረርም የእርስዎ ሥራ አይደለም። ቢቢሲ ስለ ጋዛ በሠራው ዘጋቢ ፊልም ዐረብኛውን «ያሁድ» (አይሁድ ማለት ነው) «እስራኤላውያን» ብሎ በመተርጎሙ በ2025 ብዙ ተወቅሷል። ፍልስጤማውያን በዕለት ንግግር ወታደሩንም መንግሥቱንም «ያሁድ» ስለሚሉ ነው የሚል መከላከያ ይቀርባል፤ እውነትነት አለው። ቢሆንም ቃሉን እንዳለ አስቀምጦ ያንን ማስረዳት ይቻል ነበር።

የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ናት። «ፀረ» ከግዕዙ «ፀር» የመጣ ነው፤ ጠላት ማለት ነው። በፀሐዩ «ፀ» ይጻፋል። «ጽዮን» ደግሞ በጸሎቱ «ጸ» ናት። «ፀረ ጽዮናዊ» ብለው ሲጽፉ ሁለቱም ፊደል ያስፈልግዎታል።