የቱን ልግዛ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ፒያሳ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ልጅ ጋ ስለ ታይታኒክ ሁለት መጻሕፍት አየሁ። አንዱን የጻፈው ከአደጋው የተረፈ ተሳፋሪ፣ ሎረንስ ቢዝሊ ነው። መርከቡ ሳይሰበር ሰመጠ ይላል። ሌላው አዲስ ነው፤ ለሁለት ተሰብሯል ይላል። ያለኝ ብር ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። የቱን ልግዛ? (ከሀዋሳ፣ ታቦር)

መልስ፦ ልጄ፣ የመርከቡን ነገር ቶሎ ልጨርስልህ። ተሰብሯል። ነሐሴ 26 ቀን 1977 ዓ.ም. አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ፣ 3,800 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ተገኘ። ፊቱና ኋላው 600 ሜትር ያህል ተራርቀው ነው የተኙት። አዲሱ መጽሐፍ ልክ ነው።

እኔ ግን የቢዝሊን ግዛ እልሃለሁ።

ቢዝሊ አልዋሸም። መርከቡ የሰመጠው ሚያዝያ 7 ቀን 1904 ዓ.ም. ከሌሊቱ 8:20 ላይ ነው (መጽሐፉ 2:20 ይልሃል፣ እንዳትደናገር)። ጨረቃ አልነበረችም። የመርከቡ መብራትም ጠፍቶ ነበር። ጀልባ ላይ ሆኖ፣ ከሩቅ፣ ጥቁር ጥላ ነው ያየው። ሲሰበር አይተናል ያሉም ነበሩ። የእንግሊዝ መርማሪዎች ግን አልተሰበረም ብለው ደመደሙ።

ባለፈው ክረምት ከአሞራ ገደል የተሳፈርንበት ጀልባ ሞተሩ ሐይቁ መሃል ጠፋ። ስድስት ነበርን። ዳር ስንደርስ አንዱ አሥር ደቂቃ ቆምን አለ፣ ሌላዋ ግማሽ ሰዓት። ያውም በጠራራ ፀሐይ!

መሰበሩን አሁን አወቅህ፤ ለእሱ ብር አታውጣ። ጀልባ ቁጥር 13 ውስጥ የሆነውን ግን ከነበረበት ሰው ስማ። ጀልባዋ ውሃ ነካች፣ ገመዷ አልፈታ አለ። ቁጥር 15 ሰው ጭና በቀጥታ እላያቸው ላይ ትወርዳለች። ከታች ቢጮኹ የሚሰማ የለም። ገመዱ በቢላ ተቆርጦ ለጥቂት ተረፉ። ቢዝሊ የሳይንስ መምህር ነበር፤ ያየውን በቅደም ተከተል ነው የሚነግርህ። እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ እወዳለሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ቢዝሊ የሁለተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ነው። ሌላው ከአደጋው ተርፎ የጻፈው አርቺባልድ ግሬሲ ደግሞ የአንደኛ። በሦስተኛ ማዕረግ ከ700 በላይ ሰዎች ነበሩ፤ ከአራቱ ሦስቱ አለቁ። እነሱ ያዩትን ማን ጻፈው? ይሄ ሁሌም ያንገበግበኛል።

በሁለተኛ ማዕረግም የሄይቲ ተወላጁ ጆሴፍ ላሮሽ ነበር። ጥቁር መሐንዲስ ነው። ፈረንሳይ አገር ተምሮ፣ በቆዳው ቀለም የተነሳ ደህና ሥራ አጥቶ፣ ወደ አገሩ እየተመለሰ ነበር። ነፍሰ ጡር ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹ ተረፉ። እሱ ሞተ፤ አስከሬኑም አልተገኘም። ቢዝሊ ስለ ሁለተኛ ማዕረግ ሲያወራልህ፣ ላሮሽም እዚያው ነበር።