ፓፉ ለእናትዎ ለምን አቅም አጣ?

እናትዎ ለአስማቸው ደጋግመው የሚስቡት ሳልቡታሞል የተባለው የፓፍ መድኃኒት እንደ ቀድሞው የማያስታግሳቸው፣ መድኃኒቱ ስለ ተበላሸ ሳይሆን የአየር ቧንቧቸው ጡንቻ ለመድኃኒቱ የሚሰጠው ምላሽ ስለ ቀነሰ ሊሆን ይችላል። ሳልቡታሞል በጡንቻው ሕዋሳት ላይ ያሉትን ቤታ-2 የተባሉ ተቀባዮች በመቀስቀስ የተኮማተረው ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ እንዲላላ ያደርጋል፤ ነገር ግን ተቀባዮቹ ያለ ዕረፍት ሲቀሰቀሱ ቁጥራቸውም ንቃታቸውም ይቀንሳል። በከባድ አስም ደግሞ ጡንቻው ራሱ ይወፍራል፣ የቧንቧው ግድግዳም ያብጣል፤ እብጠቱን ሳልቡታሞል አይነካውም።

ስለዚህ ሐኪማቸውን የሚጠይቁት ፓፉን ስለ መጨመር ሳይሆን፣ እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ የሚሳብ ስቴሮይድ በየቀኑ ስለ መጠቀም ይሁን። ስቴሮይዱ እብጠቱን ከመቀነሱም በላይ ጡንቻው ተቀባዮቹን መልሶ እንዲያበዛ ያግዛል፤ ሙሉ ውጤቱን ለማየት ግን ሳምንታትን መታገሥ ያስፈልጋል።

እዚህ ጅማ ደጋግሜ ያየሁት ችግር፣ ሕመምተኞች ትንሽ ሲሻላቸው ስቴሮይዱን አቁመው የማገዶ ጭስ ወደ ሞላበት ማድ ቤት፣ ቡና ወደሚቆላበት፣ በሳልቡታሞል ብቻ ተማምነው መመለሳቸው ነው። እናትዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር ካቃታቸው፣ ፓፉን እየሰጧቸው ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።